በአንድ ትንፋሽ የምትነገረው ቀመር

ሰኞ፣ ሜይ 12

ይህ ደብተር የሥራ ነው። የግል ነገር አይጻፍበትም።

የጀመርኩት ሚስተር አምፖንሳ ስላዘዙኝ ነው። «ፖኩዋ፣ በየቀኑ የሠራሽውን ጻፊ። መጽሔቱ ሲዘገይ ለዩኒቨርሲቲው ምን ብዬ ልመልስ?» አሉኝ። እዚህ ኩማሲ ያለው ማተሚያ ቤት የሳቸው ነው፣ መጽሔቱ የዩኒቨርሲቲው የሒሳብ ሊቃውንት ነው፣ ጥፋቱ ግን ከሃያ ሁለት ዓመት ጀምሮ የኔ ነው። ገጹን የማቀናብረው እኔ ነኛ።

ዛሬ የገባ ሥራ፦ የሒሳብ መጽሔት፣ ሰባት ጽሑፍ። ስድስቱ ሰላማዊ ናቸው። ሰባተኛውን የጻፉት ዶክተር ኦዱሮ የሚባሉ ሰው ናቸው። ሦስተኛ ገጹ ላይ አንድ ቀመር አለ፤ ቁጥሩ ሰባት ነው። መጽሔታችን የሚታተመው በሁለት ዓምድ ነው፤ አንዱ ዓምድ ከመዳፌ እምብዛም አይሰፋም። ይሄ ቀመር የግራውን ዓምድ ሞልቶ፣ የቀኙን ሞልቶ፣ ከወረቀቱ ጠርዝ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ጭራው የት እንደሆነ ለማየት ወንበሬን አዞርኩ።

ነገ እሰብረዋለሁ። ስንቱን ሰብሬ የለ።

ረቡዕ፣ ሜይ 14

አይሰበርም።

ዶክተሩ ራሳቸው መጡ። ረጅም፣ ቀጭን ሰው ናቸው፤ ዝናብ ቢኖርም ባይኖርም ጥቁር ጃንጥላ ይይዛሉ። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋሁና «ዶክ፣ ይህችን ነገር የቱ ጋ ልስበራት?» አልኳቸው።

«አትሰበርም ማዳም።»

«አንዱ የመደመር ምልክት ላይ ቆርጬ ቀሪውን ወደ ታች ባወርደውስ? ሁሉም ሰው የሚያደርገው ነው።»

«የሁሉም ሰው ቀመር እንደዚህ አይደለም። ይሄ ሁሉ ያለው አንድ ቅንፍ ውስጥ ነው። ቅንፍ ውስጥ ገብቶ መቁረጥ ሰው እየጸለየ ሳለ ገብቶ እንደማቋረጥ ነው። ይህች በአንድ ትንፋሽ የምትነገር ናት።»

በአንድ ትንፋሽ። እኔ ፎቅ ወጥቼ ስወርድ እንኳ ሦስቴ ነው የምተነፍሰው።

ገጽ የማቀናብርበት ማሽንም ከሳቸው ጋር ተማክሯል መሰል፣ የከፈትኩትን ትልቅ ቅንፍ እዚያው መስመር ላይ ካልዘጋሁለት «ቅንፍ ጎደለ» ብሎ ቀጥ ይላል።

ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው ነገሩን ነገሩኝ። ሱንያኒ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሃያ ዓመት አስተምረው፣ ዕድሜያቸው ከገፋ በኋላ ነው ዩኒቨርሲቲ የገቡት። አሁን አርባ ዘጠኝ ናቸው። ውላቸው በጁን መጨረሻ ያበቃል። ኮሚቴው የሚሰበሰበው ሰኞ ጁን 30 ነው፤ ያን ቀን ጽሑፋቸው ታትሞ፣ ገጽ ቁጥር ይዞ ካልቀረበ ውሉ አይታደስም። «ወደ ሱንያኒ እመለሳለሁ፣ እናቴም ደስ ይላታል» አሉ። ለምን እንደነገሩኝ አላውቅም። ቢሄዱ ቢቀሩ ለኔ ምኔ ነው?

የሸሚዛቸው ሦስተኛው ቁልፍ የለም። ይሄ የሥራ ማስታወሻ አይደለም።

ሰኞ፣ ሜይ 19

እንዳለ ለቀቅኩት፣ የፈቀደውን ይሁን ብዬ። ጎረቤቱን ዓምድ ረግጦ አለፈ። «ስለዚህ» በሚለው ቃል ላይ የካሬ ሥር ተቀመጠበት፤ «እንደሚታወቀው» ላይ ሦስት ፊደል ተንጋለለበት። ጠራዧ ቲዋ አይታ «ትሮትሮ ታክሲ ላይ ሁለት ሰው አንድ ወንበር ሲሸጥለት እንዲህ ነው» አለች።

መብራት ሄደ። ይብቃኝ።

ሐሙስ፣ ሜይ 22

ማሽኑ ሰፊ ነገር የሚቀበልበት አንድ ቦታ አለው፦ የሚቀጥለው ገጽ ራስጌ። ከዚያ ውጭ የትም አይቀበልም። እሺ፣ አልኩና እዚያ ሰጠሁት። አሁን ጽሑፉ ገጽ ሦስት ላይ «ከዚህ በታች እንደምናየው» ይላል፣ ከበታቹ ምንም የለም፣ ቀመሩ በሚቀጥለው ገጽ አናት ላይ ነው። ጽሑፉን ወደ እሱ አስጠጋሁት። ሳስጠጋው ገጹ ሞላ፤ ገጹ ሲሞላ ቀመሩ ወደ አምስተኛው ገጽ ራስጌ ሸሸ። ተከተልኩት። ወደ ስድስት ሄደ። ምሳ ሰዓት ላይ ከዋቢ መጻሕፍቱ ዝርዝር በኋላ፣ ባዶ ገጽ ላይ ብቻውን ተቀምጦ አገኘሁት።

ሚስተር አምፖንሳ መጥተው አዩና «ምን ይሠራል እዚህ?» አሉ።

«አረፍ ብሎ ነው» አልኳቸው።

አልሳቁም። እኔ ግን ብቻዬን እስኪያመኝ ሳቅኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቼ አንድ መስመር ሲያሯሩጠኝ ይዋል? አቅቶኛል ማለት ነው፤ ማንም ሰው ከማለቱ በፊት እኔው ልበለው።

ማክሰኞ፣ ሜይ 27

አሳነስኩት። ዓምዱ ውስጥ ገባ። ዶክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው፣ ጠርገው፣ መልሰው አድርገው፣ «ይሄ ቀመር ነው ወይስ ዝንብ የሄደበት?» አሉ።

በጎን አቆምኩት፣ ከታች ወደ ላይ እንዲነበብ። ሚስተር አምፖንሳ አንገታቸውን አዙረው ሊያነቡ ሲሞክሩ አንገታቸው እዚያው ቀረ። ሐኪም ቤት ሄደዋል። መጽሔቱ ዘገየ ብሎ የጠየቀ የለም፣ ደግነቱ።

ሰኞ፣ ጁን 2

ዛሬ ብልሃት አገኘሁ ብዬ ነበር። የቅንፉን ሆድ ዕቃ በሙሉ በአንድ ፊደል እንተካውና ፊደሉ ምን ማለት እንደሆነ ከሥር እንግለጽ።

«ፊደል አልቋል» አሉ ዶክተሩ።

«እንዴት ያልቃል?»

«የላቲኑን ጨርሻለሁ። ትልቁንም ትንሹንም። የግሪኩም አልቋል።»

«የራሳችን አለች» አልኩ። በአካን ቋንቋችን ስንጽፍ የምንጠቀምባትን፣ የተገለበጠች ሲ የምትመስለውን ፊደል ጻፍኩላቸው። ደስ አላቸው፤ መጀመሪያ ላይ ማለቴ ነው። ከዚያ ፊታቸው ዳመነ። «እንግሊዝ አገር ያሉት ገምጋሚዬ ሲዋ ተገልብጣ የታተመች ይመስላቸዋል። ማተሚያ ቤታችሁን ይሰድቡታል።»

«የኛን ማተሚያ ቤት ማንም አይሰድብም» አሉ ሚስተር አምፖንሳ ከወዲያኛው ክፍል፣ በተጠቀለለ አንገታቸው። «ፊደሏ ትቅር።»

ቀረች። ሃያ ስምንት ቀን አለን። አለን ስል ማተሚያ ቤቱ ማለቴ ነው።

ሐሙስ፣ ጁን 5

የቀብር መጽሐፍ ገባ። ትልቅ ሥራ ነው። ኦፓኒን ክዋርቴንግ፣ ሰማንያ ስምንት ዓመት፣ የአሥራ አንድ አውቶቡስ ባለቤት። አስከሬናቸው ከፋሲካ ጀምሮ አስከሬን ክፍል ነው፤ ቀብራቸው ቅዳሜ ጁን 21። ሁለት ሚስቶች፣ አሥራ ዘጠኝ ልጆች። መጽሐፉ ውስጥ የሕይወት ታሪክ፣ የልጆች ቃል፣ የሚስቶች ቃል፣ የቤተ ክርስቲያኑ ቃል፣ የሾፌሮች ማኅበር ቃል አለ። መሐል ላይ ገጽ ስምንትና ዘጠኝ አንድ ላይ ተዘርግተው ትልቁ የቤተሰብ ፎቶ ይገባባቸዋል።

የቤተ ዘመዱ አለቃ ናና ማኑ ይባላሉ፤ የሟቹ የእናታቸው ልጅ። እርማቱን ገጽ በገጽ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ፤ ባዶው መሐል ላይ ሲደርሱ «ፎቶው ይገባል» ብለው ጽፈው ፈረሙ። ከዚያ ጣታቸውን ወደኔ አነሱ።

«ስሚ ልጄ። በኛ ቤት በለቅሶ መጽሐፍ ላይ የታተመ ሁሉ ይነበባል። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው፣ በድምፅ ማጉያ። ሳይነበብ የቀረ ነገር ሟቹን ያስቀይማል። ስለዚህ የማይነበብ ነገር እንዳታስገቢ።»

«እኔ የሰጡኝን ነው የማስገባው ናና» አልኳቸው።

ማክሰኞ፣ ጁን 10

ፎቶው አልመጣም። የመጀመሪያዋ ሚስት በሟቹ ቀኝ የቆመችበትን ይዛ መጣች፤ ሁለተኛዋ በቀኙ እሷ የቆመችበትን ይዛ ተከተለች። በራችን ላይ ተገናኙ። ስለ ቀኝና ስለ ግራ የተባባሉትን ይህ ደብተር አይችለውም።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጣሪያውን ሊያፈርሰው ደረሰ፣ መብራቱም ሄደ፣ ዶክተሩም ቀመራቸውን ሊጠይቅ መጥቶ እዚሁ ታገደ። እሳቸው ማለት ነበረብኝ። ኬንኬ፣ የበቆሎ ሊጥ ቅቅላችንን፣ ከተጠበሰ ዓሣ ጋር ይዤ ስለነበር አካፈልኩት። የማይበላ ሰው ቀመሩን ምን ብሎ ያርማል? የሥራ ጉዳይ ነው። ሲበላም እንደ ጽሑፉ ነው፣ አንዴ ከጀመረ አያቋርጥም።

ቁልፉን ተከልኩለት። መርፌና ክር ለጥረዛ ሁልጊዜ አለን።

ሲሄድ ቲዋ ለማተሚያው ማሽን ሠራተኛ ስትነግረው ሰማሁ፦ «አንቲ ፖኩዋ ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ በነዚህ ዘጠኝ ዓመታት ዓሣ አካፍላን ታውቃለች?» ሠራተኛው ሳቀ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። እኔ ግን ምን እንደሚያወሩ አልገባኝም።

ሰኞ፣ ጁን 16

ዛሬም ፎቶ የለም። ዛሬም ቀመሩ የለም። አሥራ አራት ቀን።

ቢያንስ ትክክለኛ ቁመናውን ልየው፣ ተዘርግቶ ስንት ይሆናል ብዬ፣ ከማሽኑ ላይ ሰፊ ገጽ ፈለግኩ። ያለኝ ሰፊ ገጽ አንድ ነው፤ የኦፓኒን ክዋርቴንግ ባዶ መሐል። ለአንድ ደቂቃ እዚያ አስቀመጥኩት። ለልኬት።

ገባ። ከገጽ ስምንት ግራ ጫፍ ተነሥቶ እስከ ገጽ ዘጠኝ ቀኝ ጫፍ፣ ሳይነካ፣ ሳይታጠፍ፣ ግራና ቀኙ አየር ኖሮት። ቅንፉ በክብር ተከፍቶ በክብር ተዘጋ። አምስት ሳምንት ስታገለው አንድ ቀን እንኳ ፊቱን አላየሁትም ነበር። ያምር ነበር። እውነቱን ልናገር፣ በጣም ያምር ነበር።

ላነሳው ስል መብራት ሄደ። ጠበቅኩ፤ አልመጣም። ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ረቡዕ፣ ጁን 18

ትናንት ሙሉ ቀን መብራት የለም። ዛሬ ስገባ ሚስተር አምፖንሳ በጄኔሬተር ማሽኔን አስነሥተው የቀብሩን መጽሐፍ ራሳቸው ወደ ኅትመት ልከውታል።

«ፎቶውስ?» አልኩ።

«ናና ማኑ ደወሉ። ሚስቶቹ አልተስማሙም፤ ፎቶው ይቅር፣ የሚሆን ነገር እናንተው አስገቡበት አሉ። ገብቶ የለም እንዴ? ላክሁት።»

«ምን ገብቶ?»

«ያ ጌጡ ነዋ። ጥሩ ነው፣ የከበደ ነገር ነው።»

ጌጥ አስገብቼ እንደሆነ አላስታውስም። ሥራ በዝቶብኛል። አልጠየቅኩም።

አርብ፣ ጁን 20

ጥድፊያ። ስድስት መቶ መጽሐፍ ተጠረዘ። ውስጡን አላየሁም። ቲዋ ምሳ ሄዳ ሳለች ጠረጴዛው አጠገብ ነበርኩ፣ ግን ውስጡን አላየሁም። ለምን አያለሁ?

ማታ ስንዘጋ መጠረዣው ጠረጴዛ ላይ የተረሳ ጥቁር ጃንጥላ አገኘሁ። የማን እንደሆነ እንጃ። ኩማሲ ውስጥ ጥቁር ጃንጥላ ስንት አለ። ጠረጴዛዬ ሥር አስቀመጥኩት።

ቅዳሜ፣ ጁን 21

ከለቅሶው አሁን መግባቴ ነው። ጥቁሩን ልብሴን እንኳ አላወለቅኩም።

ማተሚያ ቤቱን ወክለን ሄድን፣ ሚስተር አምፖንሳ፣ ቲዋና እኔ። ድንኳኑ የትየለሌ፣ ፕላስቲክ ወንበሩ እስከ መንገዱ፣ ቀይና ጥቁር የለበሰው ሰው አውራ ጎዳናውን ዘግቶታል። አሥራ አንዱ አውቶቡሶች ቀይ ጨርቅ ታስሮባቸው ተሰልፈዋል። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ዶክተር ኦዱሮ ተቀምጧል፣ ጥቁር ጨርቅ እንደ ደንቡ ትከሻው ላይ ጥሎ። ምን ሊሠራ መጣ? ከሟቹ ቤት ጋር አይተዋወቁም። ጃንጥላም አልያዘም።

ንባቡ ተጀመረ። የሕይወት ታሪክ፣ የልጆች፣ የሚስቶች። የመድረኩ መሪ ጉሮሮውን ጠርጎ «ገጽ ስምንትና ዘጠኝ» አለና ቆመ። መጽሐፉን ዘቅዝቆ አየው። መልሶ አቃናው። «ይሄ... ይሄኛው የማን ቃል ነው?» አለ በድምፅ ማጉያው።

ስድስት መቶ መጽሐፍ በአንድ ጊዜ ተገለጠ። የወረቀቱ ድምፅ ተሰማኝ። ሚስተር አምፖንሳ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ፖኩዋ፣ ያ ጌጥ አይደለም እንዴ?» አሉኝ።

ናና ማኑ ከወንበራቸው ተነሡ። «የታተመ ይነበባል» አሉ። «የጻፈው ሰው እዚህ ካለ ይነሣ። ከሌለ ያሳተመው ይነሣ፣ እሱን እኔ አነጋግረዋለሁ።»

ልነሣ ነበር። ጉልበቴ ግማሽ ድረስ ሄዷል። ከፊቴ ዶክተሩ ተነሣ።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት ናና።»

«የማን ልጅ ነህ?»

«የሱንያኒ ነኝ። አስተማሪ ነኝ።»

«አንብብልን።»

ድምፅ ማጉያውን ያዘ። ጀመረ፤ ይሄ ከዚህ ጋር እኩል ነው፣ ትልቅ ቅንፍ ይከፈታል፣ ይህ በዚያ ይባዛል፣ ከዚያ የካሬ ሥሩ። ያች በአንድ ትንፋሽ ትነገራለች ያላት ቀመር። የደረሰው እስከ መጀመሪያው መቀነስ ድረስ ነው። አየር አለቀበት። ቆሞ ተነፈሰ።

ሕዝቡ «አሜን» አለ።

ዶክተሩ ደነገጠ፣ ግን ቀጠለ። ሁለት መደመር አልፎ፣ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ እንደገና ተነፈሰ። «አሜን።» አሁን አንዱ ከበሮውንም ነካ አደረገው። ቅንፉ ሳይዘጋ አራት ጊዜ ተነፈሰ፤ አራት ጊዜ አሜን አሉለት። እኔ ምን እንዳደረግኩ አሁንም ይገርመኛል። የቅንድብ እርሳሴን ከቦርሳዬ አውጥቼ፣ በተነፈሰበት ሁሉ ላይ ገጽ ስምንትና ዘጠኝ ላይ ጭረት አሰመርኩ። ከሥራዬ ልባረር ነው፣ ምናልባትም ልደበደብ ነው፣ እኔ ጭረት አሰምራለሁ።

ሲጨርስ ከሾፌሮቹ ወንበር አንድ ሽማግሌ ተነሡ። «የምታነበው አልገባንም አስተማሪ። ምን ማለት ነው?»

«አንድ ሰው መኪና ተሳፍሮ፣ መኪናው እስኪሞላ ድረስ የሚጠብቀው ጊዜ ነው» አለ ዶክተሩ። «እኛ አገር መኪና በሰዓት አይሄድም፣ ሲሞላ ነው የሚሄደው። መናኸሪያ ተቀምጬ አራት ዓመት ቆጥሬ ነው ያገኘሁት።»

ስድስት ሳምንት ሙሉ ምልክቱን ብቻ ነበር የማየው። ጽሑፉ ስለ ምን እንደሆነ አንድ ቀን አንብቤ አላውቅም ነበር። አፈርኩ።

ሽማግሌው አልተቀመጡም። «መጀመሪያ የገባው ብዙ ይጠብቃል?»

«እሱ ብዙ ይጠብቃል።»

«መጨረሻ የሚገባውስ?»

«እሱ ምንም አይጠብቅም አባቴ። እሱ ሲገባ ይነሣል።»

ከዚያ ናና ማኑ መጽሐፉን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ «ወንድሜ ሰማንያ ስምንት ዓመት ጠበቀ» አሉ። «ሞልቶለት ነው የሄደው።» ሁለተኛዋ ሚስት ጮኻ አለቀሰች፤ ያቀፈቻት የመጀመሪያዋ ናት። ፎቶ ቢኖር ኖሮ ይተቃቀፉ ነበር? እንጃ።

ሲሸኙን ናና ማኑ ሚስተር አምፖንሳን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። «ፎቶው ባይገባም የሚሆን ነገር አገኛችሁለት» አሏቸው። ሚስተር አምፖንሳ የተጨበጠውን እጃቸውን እያዩ፣ «ማተሚያ ቤታችን ለዝርዝር ነገር ይጠነቀቃል» አሉ።

ሰኞ፣ ጁን 23

ሠራሁት። በለቅሶው መጽሐፍ ላይ ያሰመርኳቸው አራት ጭረቶች፣ አምስት መስመር። ግራው ዓምድ ውስጥ ከነትርፉ ገባ። ማሽኑ «ቅንፍ ጎደለ» እንዳይለኝ በየመስመሩ ጫፍ የማይታይ ቅንፍ አደረግኩለት፤ የተዘጋ መስሎት አለፈ። የሚታየው አንድ መክፈቻና አንድ መዝጊያ ብቻ ነው። ቁጥር ሰባትም አምስተኛው መስመር ላይ ቦታውን አገኘ። «ከዚህ በታች እንደምናየው» ይላል፣ ከበታቹም ይታያል።

ለዶክተሩ አላሳየሁትም። «አትሰበርም» ካለኝስ? ሌላ ቀን የለንም።

አርብ፣ ጁን 27

ታተመ። ተጠረዘ። ሦስት ቅጂ ለዶክተሩ ቢሮ በቲዋ ላክሁ። ቲዋ ስትመለስ «አልነበረም፣ በር ሥር አስገባሁት» አለች።

በሰው ነገር ላይ ሳላስፈቅድ እጄን አስገባሁ። እሱ ለቅሶ ላይ ቆሞ ሲናገር፣ እኔ እንደ ሌባ ተደብቄ ትንፋሹን እቆጥር ነበር።

ሰኞ፣ ጁን 30

ኮሚቴው ዛሬ ነው። ጠዋት የሠራሁት የሠርግ ጥሪ ላይ የሙሽራውን ስም ሁለት ጊዜ ጻፍኩት። እርስ በርሱ ሊጋባ ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጣ። ሌላው ሁሉ ወጥቷል። ፊቱን አይቼ ምንም ማወቅ አልቻልኩም።

«ምን አሉ?» አልኩት።

«'ከገጽ ስንት እስከ ገጽ ስንት ነው?' አሉኝ። ከሠላሳ አንድ እስከ ሠላሳ ስምንት አልኳቸው። ጸሐፊው መዘገበ። ውሉ ለስድስት ዓመት ታደሰ።»

«ቀመሩንስ?»

«ማንም አልገለጠውም ማዳም። የተጠረዘበት ሽቦ እንኳ አልላላም።»

ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። አንገት የጠመመበት፣ ፊደል ያለቀበት፣ ስድስት መቶ ሰው አሜን ያለበት ነገር፣ ለካ የሚፈለገው ቁጥሩ ብቻ ኖሯል። እስከ ዛሬ ያችን ቀመር ከራስ እስከ ጭራ የሰማት ለቅሶ ላይ የነበረ ሰው ብቻ ነው።

እሱ ግን መጽሔቱን ከብብቱ አወጣ፣ ገጽ ሠላሳ ሦስትን ገለጠና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። ጣቱን ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ እያስኬደ፣ ጮክ ብሎ አነበበው። መስመሩ ሲያልቅ ተነፈሰ። ሁለተኛው ሲያልቅ ተነፈሰ። አምስተኛው ላይ ቅንፉን ዘጋና ጣቱን እዚያው አቆመ።

«እዚህ እዚህ ጋ ማን ሰበረው?»

«እርስዎ ነዎት። እኔ ያሰመርኩት የተነፈሱበትን ነው።»

መልሶ አንድ ጊዜ በዓይኑ ብቻ አነበበው። «ልክ ነው» አለ። «ልክ እዚህ ጋ ነው።»

ይሄኔ ዝም ብል ምን ነበረበት? ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የኔው ግን ጌጥ ከተባለበት ቀን ጀምሮ ሲነቅዝ ነበር።

«ዶክ፣ አንድ ነገር ልንገርዎት። በለቅሶው ሳምንት፣ ረቡዕ፣ ሚስተር አምፖንሳ ጌጥ ሲሉኝ ምን እንደሆነ አውቄያለሁ። አርብ ደግሞ የለቅሶው መጽሐፍ ሲጠረዝ አንዱን አንሥቼ ገልጬ ቀመሯን አይቻታለሁ። ላስቆመው እችል ነበር። ዝም አልኩ።»

«ለምን?»

«አንድ ጊዜ እንኳ ሳትሰበር ትታተም ብዬ።»

መጽሔቱን ዘጋና ክፍሉን ዞር ዞር ብሎ ማየት ጀመረ፣ ከበሩ ኋላ፣ ከወንበሩ አጠገብ።

«ምን ጠፋብዎት?»

«ጃንጥላዬ» አለ።

ከጠረጴዛዬ ሥር አውጥቼ ሰጠሁት። ተቀብሎ እንደ መሄድ አለና ተወው፤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«መጠረዣው ጠረጴዛ ላይ ነው የረሳሁት» አለ። «ያን አርብ። አንቺ ገልጠሽ ስታዪው በር ላይ ቆሜ ነበር። አንቺ ስትሄጂ እኔም አንዱን አንሥቼ ገለጥኩት፤ እኔም አላስቆምኩትም።»

ነገ ሌላ ደብተር እገዛለሁ። ለሥራ።